ደረሰኙ የማን ነው? የአንድ ከተማ የሽያጭ ግብር በየሥራ ዘርፉ ስለሚመረመርበት መንገድ

መግቢያ

በምዕራብ ለንደን፣ ዋይት ሲቲ በሚባለው ሠፈር የሚኖር ሰው ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ በአውሮጳ ከታላላቆቹ የገበያ አዳራሾች አንዱ ከሆነው ከዌስትፊልድ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ጫማ ቢገዛ፣ ከከፈለው ዋጋ ውስጥ ስድስተኛው እጅ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ የማስከፈያው ልክ በዕቃው ዋጋ ላይ 20 በመቶ ነውና። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህ ገንዘብ የማን ነው? የባለ ሱቁ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ግን የዋይት ሲቲ ነውን? የለንደን ከተማ ነውን? ወይስ የሌላ?

ይህን ጥያቄ የማነሣው ስለ ለንደን ገበያ ለማውራት ብዬ አይደለም። ስለ አዲስ አበባ ግብር በየጊዜው የሚወጡትን ዘገባዎች ስናነብ፣ «ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ» ከማለት በቀር ገንዘቡ ከየትኛው የሥራ ዘርፍ መጣ፣ በማን ትከሻ ላይ አረፈ፣ ወደ የትኛው ካዝና ገባ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ሳይመለስ ስለሚያልፍ ነው። በስደት ያለን ምሁራንም ብንሆን ስለ መሬት፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ታሪክ ብዙ ጽፈናል፤ ስለ ደረሰኝ ግን የጻፍነው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ተራው ዜጋ ከመንግሥት ጋር በየቀኑ የሚገናኘው በሕገ መንግሥት አንቀጽ ሳይሆን በደረሰኝ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በአንድ ከተማ የተሰበሰበ የሽያጭ ግብር ስለዚያች ከተማ ኢንዱስትሪ በትክክል የሚመሰክረው፣ ግብሩ የተከፈለበት ቦታ፣ ግብሩን በእውነት የተሸከመው ሰውና ገንዘቡ የገባበት ካዝና ተለያይተው ሲታዩ ብቻ ነው። ሦስቱን ሳይለዩ የሚወጣ ቁጥር ከተማውን በሌለው ሀብት ለማኩራት፣ ነጋዴውንም በግምት ለመቅጣት ያገለግላል።

፩. ስለ ቃላቱ

በዚህ ጽሑፍ «የሽያጭ ግብር» የምለው ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲሸጥ በዋጋው ላይ ተሰልቶ የሚከፈለውን ግብር ሁሉ ነው። ይህ በሦስት መልክ ይገኛል። የመጀመሪያው ከጠቅላላው ሽያጭ ላይ በየእጁ የሚወሰድ ሲሆን፣ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ግብር በግብር ላይ ይደራረብበታል። ሁለተኛው በመጨረሻው የችርቻሮ ሽያጭ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጣለው ነው። ሦስተኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጋዴ ከሸጠበት ከሰበሰበው ታክስ ውስጥ በገዛበት የከፈለውን ቀንሶ ልዩነቱን ብቻ ለመንግሥት ያስገባል።

ሀገራችን በንግድ ልውውጥ ላይ የሚጣለውን ግብር የቆየች ናት። በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 205 በዘመነ ንጉሡ፣ የሽያጭና የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 68/1985 በሽግግሩ ዘመን፣ በመጨረሻም የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 ተከታትለው ወጥተዋል። የመጨረሻው ከታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 በመቶ ልክ ሥራ ላይ ሲውል፣ የዓመት ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች ለሆነ ነጋዴዎች ደግሞ የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ ቁጥር 308/1995 ወጣላቸው፤ በአገር ውስጥ ለሚሸጡ ዕቃዎች 2 በመቶ፣ ለአብዛኞቹ አገልግሎቶች 10 በመቶ። አዋጅ ቁጥር 285 በበኩሉ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ተተክቷል፤ የ15 በመቶው ልክ ግን አልተለወጠም።

፪. ዋይት ሲቲ፦ ላም አለኝ በሰማይ

ዋይት ሲቲ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ ኤግዚቢሽን ከተሠሩት ነጫጭ ሕንፃዎች ነው፤ በዚያው ዓመት የለንደን ኦሊምፒክም የተካሄደው በዚሁ ሥፍራ በተሠራው ስታዲየም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ ሦስት ታላላቅ የሥራ ዘርፎችን አስተናግዷል። የመጀመሪያው የብሮድካስት ሥራ ነው፤ የቢቢሲ የቴሌቪዥን ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2013 እዚሁ ነበር። ሁለተኛው ችርቻሮ ነው፤ ዌስትፊልድ በጥቅምት ወር 2008 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ2018 ተስፋፍቷል። ሦስተኛው ትምህርትና ምርምር ነው፤ የኢምፔሪያል ኮሌጅ አዲሱ ቅጥር በዚሁ ሠፈር እየተስፋፋ ይገኛል።

አንድ ተመራማሪ የእነዚህን ሦስት ዘርፎች ጥንካሬ በሽያጭ ግብር ሊለካ ቢነሣ ምን ያገኛል? የቢቢሲ መተዳደሪያ የሆነው የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ክልል ውጭ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከታክስ ነፃ ነው። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሠሩበትና ስሙ በዓለም የናኘ ተቋም፣ እንዲሁም ሳይንቲስቶች የሚያፈራው ቅጥር፣ በሽያጭ ግብር መዝገብ ላይ እንደሌሉ ያህል ናቸው። ጎልቶ የሚታየው የገበያ አዳራሹ ብቻ ነው። በአዳራሹ ውስጥም ቢሆን የአዋቂ ልብስ 20 በመቶ ሲከፈልበት፣ የሕፃናት ልብስ፣ መጽሐፍና አብዛኛው የቤት ምግብ በዜሮ ልክ ይሸጣሉ። የግብር መዝገብ የሚያሳየው እንግዲህ የሥራን መጠን ሳይሆን ሕጉ ሊያየው የወደደውን የሥራ ክፍል ነው።

የማስከፈያው ልክ ሲለወጥም መዝገቡ ያታልላል። በወረርሽኙ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ፣ የብሪታንያ መንግሥት ለምግብ ቤቶችና ለሆቴሎች ታክሱን ወደ 5 በመቶ ዝቅ አደረገ፤ ቆይቶም ወደ 12.5፣ በ2022 ደግሞ ወደ 20 በመቶ መለሰው። ልኩን ሳያስተውል የግብሩን ገንዘብ ብቻ የሚቆጥር ሰው፣ በ2022 ምግብ ቤቶች በድንገት የበለጸጉ ይመስለዋል።

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። ከዌስትፊልድ የሚሰበሰበው የተጨማሪ እሴት ታክስ በሙሉ የሚገባው ወደ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ነው። ሠፈሩን የሚያስተዳድረው የሐመርስሚዝና ፉልሃም ክፍለ ከተማ ከዚያ ላይ ቀጥተኛ ድርሻ የለውም፤ የለንደን ከንቲባም እንዲሁ። በእኛ አባባል ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ነው። ክፍለ ከተማው የሚያገኘው ከንግድ ቤቶች ግብር ነው፤ እርሱ ደግሞ የሚሰላው በሽያጭ ሳይሆን በሕንፃው የኪራይ ግምት ነው። ይህም ቢሆን ሁሉም አይቀርለትም። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሥርዓት በለንደን ከሚሰበሰበው የንግድ ቤት ግብር ግማሹ ለማዕከላዊው መንግሥት፣ 20 በመቶው ለታላቋ ለንደን አስተዳደር፣ 30 በመቶው ለክፍለ ከተማው እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ ድርሻው ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተለዋውጧል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የብሪታንያ ግብር መሥሪያ ቤት የተጨማሪ እሴት ታክስን በየንግድ ዘርፉ ከፋፍሎ በየዓመቱ ያወጣል፤ በየከተማው ግን ከፋፍሎ አያወጣም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በመላ ሀገሪቱ ሱቆች ያሉት ኩባንያ ታክሱን የሚያሳውቀው በአንድ ማመልከቻ ነው፤ የዋይት ሲቲው ሱቅ ድርሻ በዚያ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። የስኮትላንድ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሕግ በስኮትላንድ ከሚገኘው የተጨማሪ እሴት ታክስ ግማሹ ለስኮትላንድ መንግሥት እንዲመደብ ተወሰነ። ነገር ግን በስኮትላንድ የተገኘው ስንት ነው የሚለውን በሚያስተማምን መንገድ መለካት አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ተላልፏል። መዝገብ በመያዝ የታወቀ መንግሥት እንኳ ግብርን በቦታ መከተል ይህን ያህል ከከበደው፣ የእኛን ሀገር ቁጥሮች በጥንቃቄ ልናነብ ይገባናል።

፫. ሎስ አንጀለስ፦ ከመቶው አንድ

የተቃራኒውን ሥርዓት ለማየት ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩባት ወደ ሎስ አንጀለስ እንሻገር። በዚያች ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሠፈር እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በከተማው አስተዳደር ተሰይሟል። በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት በመላ ክፍለ ግዛቱ የሚከፈለው መነሻ የሽያጭ ግብር 7.25 በመቶ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 1 በመቶው ሽያጩ ለተፈጸመበት ከተማ ይመለሳል። በፌርፋክስ አንድ ቤተሰብ የ100 ዶላር እራት ቢበላ፣ አንዱ ዶላር ለሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ከጎኑ ካለው ሱቅ ጤፍና በርበሬ ገዝቶ ወደ ቤቱ ቢሄድ ግን፣ ለቤት የሚገዛ ምግብ ከግብር ነፃ ስለሆነ ከተማዋ ምንም አታገኝም። አንዱ ማኅበረሰብ፣ አንዱ ጎዳና፣ አንዱ ምግብ፤ ነገር ግን በከተማዋ መዝገብ የሚታየው ምግብ ቤቱ ብቻ ነው።

የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ግብር የሚከፈልበትን ሽያጭ በየከተማውና በየንግድ ዓይነቱ ከፋፍሎ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ያወጣል። መኪና ሻጮች፣ ነዳጅ ማደያዎች፣ ምግብ ቤቶች፣ የልብስ መደብሮች ለየብቻ ይታያሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ ከተሞቹ ግብር ወደሚያስገኝላቸው ወገን ያዘነብላሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የንብረት ግብር በሕዝብ ድምፅ ከተገደበ በኋላ፣ ብዙዎቹ መሬታቸውን ከመኖሪያ ቤትና ከፋብሪካ ይልቅ ለመኪና መሸጫና ለገበያ አዳራሽ መስጠትን መረጡ፤ ፋብሪካ ሠራተኛ ይቀጥራል እንጂ የችርቻሮ ግብር አያመጣምና።

ሌላም መዘዝ አለ። የአፕል ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት በሚገኝባት በኩፐርቲኖ፣ ኩባንያው በኢንተርኔት ለካሊፎርኒያ ደንበኞች የሚሸጠው ዕቃ በእርሷ ክልል እንደ ተሸጠ ሆኖ ለረጅም ዘመን ይቆጠርላት ነበር። ክፍለ ግዛቱ ጉዳዩን መመርመር ከጀመረ በኋላ፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሽያጭ ግብር ገቢዋ አብዛኛውን ልታጣ እንደምትችል ለነዋሪዎቿ አስታወቀች። ዕቃው የሚገዛው በመላ ካሊፎርኒያ ነበር፤ የተመዘገበው ግን በአንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። አንባቢ ይህን በአእምሮው ይያዝልኝ፤ አዲስ አበባ ስንደርስ ይመለሳልና።

፬. አዲስ አበባ፦ ሁለት ካዝና፣ አንድ ሱቅ

አዲስ አበባ ከዋይት ሲቲም ከሎስ አንጀለስም ትለያለች። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 መሠረት ራሷን የምታስተዳድርና ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት፤ ክልል ግን አይደለችም። የግብር ሥልጣን የሚከፋፈለው ከአንቀጽ 96 እስከ 98 ባለው ነው። ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የሚከፈለውና የፌዴራል መንግሥት ድርጅቶች የሚከፍሉት የሽያጭ ግብር ለፌዴራሉ ነው። የግለሰብ ነጋዴዎች ለክልሉ ናቸው፤ በአዲስ አበባም ለከተማው አስተዳደር። የኩባንያዎች ግብር በክልሎች ዘንድ የጋራ ገቢ ሆኖ በቀመር ይከፋፈላል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ቀመሩን አሻሽሎ የክልሎችን ድርሻ ከፍ አድርጓል። የተጨማሪ እሴት ታክስ በሕገ መንግሥቱ በስሙ አልተጠቀሰም፤ ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ገና አልታወጀም ነበርና። በተግባር ግን ክፍፍሉ ይህንኑ መሥመር ተከትሏል።

ይህ ማለት በአንድ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ሱቆች፣ በግለሰብ ስም የተመዘገበው ታክሱን ለከተማው፣ በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም የተመዘገበው ግን በመሠረቱ ለፌዴራሉ ይከፍላል ማለት ነው። ሥራቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው የተመዘገቡበት ሰነድ ነው። ስለዚህ ግለሰብ ነጋዴዎች ተሰባስበው ማኅበር ሲያቋቁሙ የከተማው የግብር መዝገብ «ንግድ ቀነሰ» ሊል ይችላል፤ ንግዱ ግን ምናልባት አድጎ ይሆናል።

የዘርፎቹም ጉዳይ ከዋይት ሲቲ ጋር ይመሳሰላል። አዲስ አበባ የምትኮራባቸው ሥራዎች የትኞቹ ናቸው ቢባል ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ፣ ባንክ፣ ዲፕሎማሲ፣ ከፍተኛ ትምህርትና ሕክምና መጥቀሳችን አይቀርም። ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ በዜሮ ልክ የሚስተናገድ ነው። የባንክ ዋና ዋና አገልግሎቶች፣ ትምህርትና ሕክምና ከታክስ ነፃ ናቸው። ዲፕሎማቶች በዓለም አቀፍ ሕግ መብት አላቸው። ለታክሱ ጎልተው የሚታዩት ቢራ፣ ሲሚንቶ፣ ስልክ፣ ሆቴልና ከውጭ የገባ ዕቃ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ከውጭ የገባው ዕቃና የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ሙሉ በሙሉ የፌዴራሉ ናቸው።

የኩፐርቲኖ ጉዳይ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ፋብሪካቸው በክልል፣ ዋና መሥሪያ ቤታቸውና ሒሳባቸው ግን በአዲስ አበባ ነው። ዕቃው በደሴ ወይም በጅማ ሕዝብ ተገዝቶ ታክሱ በአዲስ አበባ መዝገብ ሲሰፍር፣ ዋና ከተማዋ ከሥራዋ በላይ የምታመርት፣ ክልሎቹም ከሥራቸው በታች የሚገብሩ ይመስላሉ። «ሀገሪቱን የምትመግበው አዲስ አበባ ናት» የሚለውም ሆነ «አዲስ አበባ የሌላውን ትበላለች» የሚለው ክርክር፣ ብዙ ጊዜ የቆመው በዚህ ባልተጣራ መዝገብ ላይ ነው።

፭. አንድ ጥንድ ጫማ

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲቀሉ የተመረጡ ናቸው። ሥርዓቱ ግን የ1994ቱና የ1995ቱ አዋጆች ነው።

በሞጆ የሚገኝ ቆዳ ፋብሪካ የለፋ ቆዳ በ400 ብር ለአዲስ አበባ ጫማ ሠሪ ይሸጣል እንበል፤ ከእርሱ በፊት ያለውን ለጊዜው እንተወው። በ400 ብር ላይ 60 ብር ታክስ ይከፈላል። ጫማ ሠሪው ጫማውን በ1,000 ብር ለፒያሳ ቸርቻሪ ሲሸጥ 150 ብር ይሰበስባል፤ 60ውን ቀንሶ 90 ብር ያስገባል። ቸርቻሪው በ1,400 ብር ለደንበኛ ሲሸጥ 210 ብር ይሰበስባል፤ 150ውን ቀንሶ 60 ብር ያስገባል። ድምሩ 60፣ 90 እና 60፣ በጠቅላላው 210 ብር ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመው 1,610 ብር ከፍሎ ጫማውን ያጠለቀው ሰው ነው።

አሁን ካዝናዎቹን እንለይ። ፋብሪካው ኩባንያ ከሆነ 60ው ብር የፌዴራሉና የኦሮሚያ የጋራ ነው። ጫማ ሠሪው ማኅበር ከሆነ 90ው ወደ ፌዴራሉ ይሄዳል። ቸርቻሪው ግለሰብ ከሆነ 60ው ለከተማው ይቀራል። ደንበኛው በከተማው ሱቅ ከከፈለው 210 ብር ውስጥ ለከተማው አስተዳደር የደረሰው 60 ብር ብቻ ነው።

ቀጥለን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ጫማ ሠሪው ማኅበር መሆኑ ቀርቶ ለታክሱ ለመመዝገብ ያልደረሰ አነስተኛ ግለሰብ ይሁን። ለቆዳው የከፈለው 60 ብር አይቀነስለትም። በ1,000 ብር ሽያጩ ላይ 2 በመቶ፣ ማለትም 20 ብር የተርን ኦቨር ታክስ ይከፈላል። የታክስ ደረሰኝ መስጠት ስለማይችል ቸርቻሪው የሚቀንሰው የለውም፤ 210ሩን ብር በሙሉ ያስገባል። የከተማው ገቢ ከ60 ወደ 230 ብር ዘለለ፤ የመንግሥት ጠቅላላ ገቢም ከ210 ወደ 290 ብር ከፍ አለ። ጫማው ያው ነው፤ ደንበኛው የከፈለው ያው 1,610 ብር ነው። የተጨመረው 80 ብር የወጣው ከጫማ ሠሪውና ከቸርቻሪው ኪስ ነው።

በየዘርፉ የተከፋፈለውን መዝገብ የሚያነብ ባለሥልጣን ይህን እንዴት ይተረጉመዋል? በችርቻሮ ዘርፍ 60 የነበረው 210 ሆኗል። «ችርቻሮ በሦስት እጥፍ ተኩል አደገ» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዱን በዚያው ልክ ከፍ ያደርጋል። በእውነቱ ግን ያደገ ንግድ የለም፤ የተበጠሰ ሰንሰለት ነው ያለው። የሽያጭ ግብርን በዘርፍ መከታተል ማለት ድምሩን መቁጠር ሳይሆን፣ ሰንሰለቱ የት ላይ እንደ ተበጠሰ መፈለግ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

፮. ደረሰኝና ግምት

ይህ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በአዲስ አበባና በአካባቢው ባሉ እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ ከተሞች ብዙ ሱቆች የተዘጉት «የቀን ገቢ ግምት» በሚባለው ነገር ነበር። አዋጅ ቁጥር 979/2008 የዓመት ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነውን ነጋዴዎች የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች አደረጋቸው፤ እነዚህ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረባቸው የቀን ገቢያቸው በገማቾች ይተመን ነበር። ብዙዎቹ ቁጥሩ ከአቅማችን በላይ ነው ብለው ጮኹ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅ ሱቆች ለጊዜው ተዘግተው ነበር። ቸርቻሪዎቹ ያሰሙት አቤቱታ «አስመጪውና ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ ሳይሰጠን እኛ ከየት አምጥተን እንስጥ?» የሚል ነበር። ከላይ ያየነው የተበጠሰ ሰንሰለት ማለት ይኸው ነው። ቁጥጥሩ የሚያርፈው በሰንሰለቱ መጨረሻ፣ በሚታየውና በደካማው ላይ ነው፤ የተበጠሰው ግን ከላይ ነው።

ግምት በሀገራችን አዲስ አይደለም። አባቴ በመርካቶ ሸማ ነጋዴ ነበሩ። በልጅነቴ የማስታውሰው አንድ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነው፤ ማታ ማታ የዕለቱን ሽያጭ በእርሳስ ይጽፉበት ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ገማቾች ሲመጡ ደብተሩን አውጥተው ያቀርቡላቸዋል። ገማቾቹ ሱቁን ዙሪያውን አይተው፣ መደርደሪያውን በዓይናቸው ለክተው፣ ደብተሩን ሳይገልጡ ይሄዱ ነበር። የተተመነባቸው ሦስተኛውን ዓመት መክፈል ሲያቅታቸው ሱቁን ለሌላ አስተላለፉ። አባቴ ግብርን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። ያሳዘናቸው የገንዘቡ መብዛት ሳይሆን ደብተሩ አለመገለጡ ነበር።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ንግድ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ሀገር ሀብት ሲያትቱ፣ እርሳቸው ራሳቸው በጉምሩክ ሥራ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። በየኬላው ይቀረጥ የነበረው ቀርቶ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በየሱቁ ተተክሏል፤ መሣሪያውን የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነበር። መሣሪያው የአባቴን ደብተር የሚተካ ነው። የሚቀረው ጥያቄ የሚገልጠው ሰው አለ ወይ የሚለው ነው።

፯. የምርመራው መንገድ

እንግዲህ የአንድን ከተማ የሽያጭ ግብር በየዘርፉ መመርመር የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? በእኔ አስተያየት አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል መለየት ይገባዋል።

አንደኛ፣ በከተማው የተሰበሰበውንና ለከተማው የተረፈውን ይለይ። በአዲስ አበባ ውስጥ ያሉ የፌዴራል ቅርንጫፎች የሰበሰቡት የከተማው ገቢ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሽያጭን ከግብር ይለይ። የማስከፈያው ልክ፣ የምዝገባው መጠንና ከታክስ ነፃ የሆኑት ሥራዎች ዝርዝር የተለወጡበትን ዓመት ሁሉ ምልክት አድርጎ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን በአንድ መሥመር አያስኪደው።

ሦስተኛ፣ የዋጋ ንረትን ይቀንስ። ዋጋ በእጥፍ ቢጨምርና የተሸጠው ዕቃ ባይጨምር፣ ታክሱ በእጥፍ ያድጋል፤ ኢንዱስትሪው ግን ባለበት ነው። እንዲያውም የምዝገባው መጠን ሳይስተካከል ከቆየ፣ ትንሹ ነጋዴ ሳያድግ ትልቅ ተብሎ ይመዘገባል።

አራተኛ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበትን ሳይሆን ሽያጩ የተፈጸመበትን ቦታ ይከተል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በየሱቁ ለብቻው የሚመዘገብ ስለሆነ ይህን ለማወቅ መንገድ ይከፍታል። ብሪታንያ በአንድ ማመልከቻ ምክንያት ያጣችውን መረጃ፣ ኢትዮጵያ በመሣሪያዎቿ አማካይነት ልታገኘው ትችላለች።

አምስተኛ፣ በእያንዳንዱ ዘርፍ በሽያጭ የተሰበሰበውንና በግዢ የተቀነሰውን ታክስ ጎን ለጎን ያቁም። የሚቀነሰው ከጠፋ፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰው ከዚያ ዘርፍ በላይ ነው፤ መርማሪው ወደ ላይ ይሂድ እንጂ ቸርቻሪውን አይያዝ።

ለዘርፍ አከፋፈሉም ከውጭ የምንዋሰው ብዙ ነገር አያስፈልግም። መርካቶ ራሷ ከጥንት ጀምሮ በዘርፍ የተከፋፈለች ናት፦ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ እየተባለ። ነጋዴው የጎረቤቱን ገበያ ያውቃል። በየተራው የተሰበሰበው ሽያጭና ግብር የግለሰብ ምስጢር ሳይገለጥ ተደምሮ በየሩብ ዓመቱ ቢለጠፍ፣ «በእኔ ላይ ብቻ በዛ» ወይም «እገሌ አይከፍልም» የሚለው ወሬ በቁጥር ይተካል። ገማችም ቢሆን ከተራው አማካይ በእጥፍ የራቀ ቁጥር ሲጽፍ ምክንያቱን ለመናገር ይገደዳል።

መደምደሚያ

በዋይት ሲቲ ግብሩ ሁሉ ወደ ማዕከል ይሄዳል፤ ክፍለ ከተማው ከገበያው ግብር ላይ ቀጥተኛ ድርሻ የለውም። በሎስ አንጀለስ ከመቶው አንዱ ለከተማው ይቀራል፤ መዝገቡም ክፍት ነው፤ ነገር ግን ከተሞች ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ጀርባቸውን እንዲሰጡ ይገፋፋል። በአዲስ አበባ አንዱ ጎዳና ለሁለት ካዝና ይገብራል፤ የትኛው ለየትኛው እንደ ሆነ ግን ከፋዩ ብዙ ጊዜ አያውቅም። የትኛው ሥርዓት ይሻላል በሚለው ላይ አንባቢዎች ልንለያይ እንችላለን፤ ልዩነቱም ተገቢ ነው። የከፋዩ ሰው ደብተር ተገልጦ መነበብ አለበት በሚለው ላይ ግን የምንለያይ አይመስለኝም።

እኛ በስደት ያለን ሰዎች በየቀኑ በሌላ ሀገር ካዝና ውስጥ ግብር እንጥላለን፤ በፈለግን ጊዜም የት እንደ ገባ ለመጠየቅ የሚያግደን የለም፤ መልሱ ምሉእ ባይሆንም። የአዲስ አበባው ቸርቻሪ የሚጠይቀው ከዚህ የሚበልጥ አይደለም። በመስኩ የሠለጠኑ ወገኖች ከላይ የጠቀስኳቸውን አምስት ነጥቦች በአንድ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በጫማ ወይም በሸማ ላይ፣ ቢሞክሯቸውና ውጤቱን ቢያካፍሉን፣ ይህ ጽሑፍ የታለመለትን አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው።